የዓርማው ሦስተኛ ወንዝ

ሰኞ 4

ዛሬ ከንቲባው በስብሰባ መሐል ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው «ይህ ሰው የከተማችን የታሪክ ማኅደር ነው» አሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔም እንደ ደንቡ አንገቴን ደፋሁ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልደፋሁም፣ ፊቴ እንዲታይ ያህል ትንሽ አስቀረሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማችን መቶ ዓመት ሊሞላት ነው። ከንቲባው ደግሞ በዓርማው ላይ የተሳለው ሁሉ መሬት ላይም ይታይ ብለዋል። ዓርማው ጋሻ ነው፤ በጋሻው መሐል ድልድይ፣ በድልድዩ ላይ ቁልፍ በአፉ የያዘ ወፍ፣ ከላይ ሰባት ከዋክብት፣ ከታች ሦስት የተጠማዘዙ መስመሮች አሉበት። ትርጉሙን የሚያውቅ ሁሉ ያወቀው ከእኔ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ሆኜ «የዓርማችን ታሪክና ምሥጢር» የሚለውን ብሮሸር ከጻፍኩ አሥራ ሁለት ዓመቴ። ከዋክብቱ ሰባቱ የመጀመሪያ ሰፈሮች፣ ወፉ ንቁ ንስር፣ ቁልፉ ለእንግዳ የተከፈተ በር፣ መስመሮቹ ሦስቱ ወንዞቻችን።

ወንዛችን አንድ ነው። ሁለተኛው ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ ያለው ነው፤ ዝናብ ሲጥል ወንዝ ይሆናል፣ ሌላ ጊዜ ቦይ ነው። ሦስተኛው ግን በብሮሸሩ ገጽ ሦስት መጨረሻ እንደተገለጸው «ዛሬ የልብስ ሰፊዎች መንገድ በሆነው ሥር ተሰውሮ ይፈሳል»። ከንቲባው ይህን ወንዝ ቆፍረው አውጥተው ዳር ዳሩን መናፈሻ ሊያደርጉት ነው። ሥራው ካማረ አዲስ የታሪክና ቅርስ ክፍል ይከፈታል። ኃላፊው ማን እንደሚሆን እኔ መናገር አይገባኝም፤ እሳቸው ግን ሲናገሩ እኔን ነበር የሚያዩት።

የታላቅ እህቴ የእትዬ ሱቅ እዚያው መንገድ ላይ ነው። ምን አለበት? ወንዙ ከሥር ነው፣ ሱቁ ከላይ።

ማክሰኞ 5

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። መሐንዲሱ ካርታውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋና «ወንዙ በመንገዱ ቀኝ ነው በግራ?» አለኝ። «መሐል ለመሐል» አልኩት። ደስ ብሎት በሰማያዊ እርሳስ አሰመረው። ለምን መሐል ለመሐል አልኩ? አላውቅም ብል ምን እሆን ነበር? ይህቺን ቃል እኮ ሌላው ሰው ቀኑን ሙሉ ነው የሚላት። እኔ ጋ ስትደርስ ጉሮሮዬ ላይ ትቀራለች።

ሐሙስ 7

የመሐንዲሱ ጥናት ደረሰኝ። ስልሳ አራት ገጽ። መሬቱን በመሣሪያ ፈትሾ ወንዙን አጥቶት ቢሆንስ? ተመስገን፣ አልፈተሸም። ምንጭ ነው የጠቀሰው። ወንዙ መኖሩን ያረጋገጠው ከጎብኚዎች መመሪያ ነው። የጎብኚዎች መመሪያው የጠቀሰው የአራተኛ ክፍል መማሪያ መጽሐፍን ነው። መማሪያ መጽሐፉ የጠቀሰው የእኔን ብሮሸር ነው። ብሮሸሩ ማንንም አልጠቀሰም። ቦታ ስላልነበረው ነው።

የፊት ገጹ ላይ «የተጠቀሰው ከዋናው ጋር መመሳከሩን ያረጋግጡልን» የሚል ማስታወሻ ተለጥፎበታል። አመሳከርኩ። ቃል በቃል ነው፤ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አልሳተም። የተጠየቅኩት ጥቅሱ ትክክል መሆኑን ነው እንጂ ወንዙ መኖሩን አይደለም። «ከዋናው ጋር የተመሳከረ» የሚለውን ማኅተም መታሁ፣ ፈረምኩ። ሰው የተጠየቀውን ነው የሚመልሰው።

ምሳ አልበላሁም።

ቅዳሜ 9

ሱሪ ላሳጥር እትዬ ጋ ሄድኩ። ሱቁ ጠባብ ነው፤ አንድ ማሽን፣ አንድ የደንበኛ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ በየቀለሙ የተደረደረ ክር። እናታችን ስታርፍ እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ እትዬ ሃያ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋች አሳደገችኝ፣ አስተማረችኝ። ሁለት ጊዜ የትዳር ጥያቄ መጥቶላት «መጀመሪያ ልጁ ይጨርስ» ብላ መልሳለች። ሁለቱም ሰዎች ዛሬ ራሰ በራ ስለሆኑ አይቆጨኝም ትላለች።

ብሮሸሬን ደንበኛ በምትቀበልበት ጠረጴዛ መስታወት ሥር አድርጋዋለች። ደንበኛ መጣ ማለት ተነበበለት ማለት ነው። ዛሬ ቀሚሷን የምትጠብቅ ሴትዮ ጎንበስ ብላ አይታ «ኧረ ይሄ ንስር ዶሮ ነው የሚመስለው» አለች።

«ዶሮ ቁልፍ ምን ያደርግላታል?» አለች እትዬ።

«ንስርስ ምን ያደርግለታል?»

እትዬ በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች አወጣች፤ ስታወጣቸው ነገር አለ ማለት ነው። «ወንድሜ ንስር ነው ካለ ንስር ነው። አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ካለሽ ቤትሽ ገብተሽ ጠይቂው።»

ሴትዮዋ ስትወጣ ወደ እኔ ዞር አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የእኛው ወንዝ እውነት ከዚህ ሥር ነው? አንዳንዴ ማሽኑን ሳቆም የሚሰማኝ ይመስለኛል» አለችኝ።

«ተጽፏል እኮ» አልኳት።

ሱሪውን አራት ሴንቲ አሳጥራዋለች። ያልኳት ሁለት ነበር። አጣጥፌ ይዤው ወጣሁ።

ሰኞ 11

አዲሷ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ቢሮዬ መጡ። የበፊቱ ኃላፊ መዝገብ ቤቱን ከምሳ በኋላ ሸለብ ለማድረጊያ ነበር የሚጠቀምበት፤ ተስማምተን ነበር የኖርነው። እኚህኛዋ ግን ፋይል ይከፍታሉ።

«የዓርማውን መዝገብ እያደራጀሁ ነው። የብሮሸሩን ሐሳብ ከየት ነው የወሰዱት?» አሉኝ።

«ከአባቶች» አልኩ።

«ከየትኞቹ?»

«ካረፉት።»

ጻፉት። እግዚኦ፣ ጻፉት!

ረቡዕ 13

ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ናት። «ምን ሆነህ ነው ምጥ እንደያዛት ሴት የምትንቆራጠጠው?» አለችኝ። የሥራ ብዛት ነው አልኳት። «ሥራ ሲበዛብህ ታወራለህ። ዝም የምትለው ሌላ ነገር ሲሆን ነው» አለችና ሳህኑን አነሳች።

እስኪ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ በቀጥታ ልጻፈው። ሁሉንም አልፈጠርኩም። ከዋክብቱ በእርግጥ ሰባት ናቸው፤ ሁለት ጊዜ ቆጥሬአለሁ። ድልድይም አለን። የቀረውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው የጻፍኩት። ማተሚያ ቤቱ ማሽን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነበር። ሁሉ ካለቀ በኋላ ገጽ ሦስት ግርጌ ላይ ሁለት መስመር ክፍት ቀረ። «ሙላው፤ አለበለዚያ የጫማ ቀለም ማስታወቂያ እናስገባበታለን» አሉኝ። በታሪክ ላይ የጫማ ቀለም! ያን ቀን ከሥራ ስወጣ እትዬ ጋ ኮት ልቀበል ነበርና የልብስ ሰፊዎች መንገድ በሐሳቤ ነበር። ወንዙ እዚያ የገባው እንዲህ ነው።

የጫማ ቀለሙ ምን ነበረበት?

ዓርብ 15

ጉድ ፈላ። በመንገዱ ላይ ላሉ አሥራ አንድ ሱቆች የመነሻ ደብዳቤ ደረሳቸው። ወንዙ መሐል ለመሐል ስለሆነ ሁለቱም ጎን ይነሳል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ልብስ ሰፊዎቹ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ቢሮዬን ሞሉት። ከሁሉ የባሰው ሱሪ ሰፊው ነው። «ወንዝ የምትለው የታለ? ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ተቀምጬ ካልሲዬ እንኳ አልራሰም!»

«ጥልቅ ነው» አልኩት።

«እና እሱን ለማየት እኔ ልነሳ?»

ቅሬታችሁን በጽሑፍ አልኳቸው። እትዬ ከመሐላቸው አልነበረችም። ስላልመጣች ደስ አለኝ፤ ቀጥሎ ደግሞ ለምን ቀረች ብዬ ስጨነቅ ዋልኩ።

ሰኞ 18

የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ አንድ ቢጫ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። «ዋናው ይኸውልዎት። የሚመለከተው እርስዎን ስለሆነ መጀመሪያ ለእርስዎ ይድረስ ብዬ ነው። ስብሰባው የሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ነው» ብለው ወጡ። ክፉ ሴት ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር።

ዓርማውን የሳለው የማስታወቂያ ሠዓሊ የጻፈው ደብዳቤ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ለማዘጋጃ ቤቱ። ዓርማውን ጨርሼ ልኬአለሁ። ወፏን እንደታዘዝኩት ርግብ አድርጌአታለሁ፤ ከደረቷ ትንሽ ወፍራለች። ከዋክብቱ አምስት ነበሩ፤ ጎንና ጎኑ ባዶ ሆኖ ስላስጠላኝ ሁለት ጨምሬአለሁ። ከታች ያሉት ሦስት መስመሮች የከተማው መፈክር የሚጻፍባቸው ናቸው። የጠረጴዛዬ አንድ እግር አጭር ስለሆነ ተጣመውብኛል። መፈክሩን ስትልኩልኝ አቃናቸዋለሁ።»

ከሥሩ በሌላ ሰው እጅ «በመፈክሩ ላይ ስምምነት ባለመገኘቱ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል» ይላል። ይህ ከሆነ ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው።

ሰውዬው ባዶ ቦታ ማየት አይችልም ማለት ነው። ሳልወድ ወደድኩት።

ረቡዕ 20

ደብዳቤው መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አልደበቅኩትም፤ አስቀመጥኩት። መሳቢያውን የቆለፍኩት ሁሌም ስለምቆልፈው ነው።

ሁሌም አልቆልፈውም።

ቅዳሜ 23

አሥሩ ሱቆች አንነሳም ብለዋል። አሥራ አንደኛዋ ፈርማለች። አሥራ አንደኛዋ እትዬ ናት።

ስደርስ ክሩን ከግድግዳው እያወረደች በየቀለሙ ካርቶን ውስጥ ትከታለች።

«እትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምን የማደርግ ይመስልሃል? ወንዙ ሊወጣ አይደል?»

«ሌሎቹ እኮ አልፈረሙም።»

«ሌሎቹ እንዳንተ ያለ ወንድም የላቸውም።» ቀዩን ክር ከሰማያዊው ለየችው። «ትናንት ሱሪ ሰፊው መጥቶ ወንድምሽ ውሸታም ነው አለኝ። በሜትር ነው ገርፌ ያባረርኩት። ሠላሳ አራት ዓመት እዚህ ተቀምጬአለሁ፤ መንግሥት ቢመጣ ንጉሥ ቢመጣ አልለቅም ነበር። የአንተ ወንዝ ስለሆነ ነው።»

«የት ልትሰፊ ነው?»

«ቤት። መስኮቱ ጠባብ ነው እንጂ ምን ይለዋል? ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር አልቀበልም፣ አለቀ።»

እዚያው መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። «ካርቶን ላምጣልሽ?» አልኳት። ካርቶን! ሄጄም አመጣሁላት። ሦስት።

እሑድ 24

ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። አዝናልኛለች ብዬ ቀና ስል «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ሱቅ ያለኝ እኔ ነኝ?» አለችና ልብስ ልትለውጥ ገባች። የማታ ተረኛ ናት።

ሰኞ 25

ከሥራ በፊት ሄድኩ። በሱቁ በር ሦስት ጊዜ አለፍኩ። በሦስተኛው «ጫማህን ነው የምታሳየኝ ወይስ ትገባለህ?» አለችኝ ከውስጥ።

ቀሚስ እየተኮሰች ነበር። ማውራት እንደማልችል ስለማውቅ ደብዳቤውን አቀበልኳት። ካውያውን እንደያዘች ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«ዓርማውን የሳለው።»

«መስመር ነው እኮ የሚለው።»

«መስመር ነው።»

«ወንዙስ?»

«የለም፣ እትዬ። ገጹ አልሞላ ብሎኝ ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ካውያውን ቀሚሱ ላይ ረሳችው። ሽታው ሲመጣ ነው ያነሳችው። እትዬ የሰው ልብስ ስታቃጥል ዕድሜዬን ሙሉ አይቼ አላውቅም።

«ማሽኑን ሳቆም የሚሰማኝስ?» አለች።

«የጎረቤት ቧንቧ ይሆናላ።»

«ይሆናል አትበለኝ! ታውቃለህ ወይስ አታውቅም?»

«አላውቅም።»

ያቺ ቃል ወጣች፤ አላነቀችኝም። እሷ ግን አላየችልኝም፤ የተቃጠለውን ጨርቅ በጣቷ እየዳሰሰች ነበር። «ሰው መትቻለሁ» አለች። «በአንተ ጉዳይ ጎረቤቴን መትቻለሁ።» ከዚያ ቀና አለች። «ለእኔ በጓዳ አትንገረኝ። ከተማውን ሁሉ ነው የዋሸኸው፣ ለከተማው ሁሉ ተናገር። አሁን ውጣልኝ፤ ለዚህች ሴትዮ ምን እንደምላት ላስብበት።»

አፈርኩ። ሌላ ቃል የለውም። እስከ ቢሮ በእግሬ ሄድኩ፤ በአውቶቡስ ሰው ፊት ለፊት መቀመጥ አቃተኝ።

ረቡዕ 27

አዳራሹ ጢም ብሏል። ልብስ ሰፊዎቹ በግራ፣ ምክር ቤቱ በቀኝ። እትዬ መጨረሻው ረድፍ ላይ ቦርሳዋን እንዳቀፈች ተቀምጣለች። ከንቲባው «አሁን የታሪክ ማኅደራችን ስለ ሦስተኛው ወንዝ ያስረዱናል» ብለው አጨበጨቡ።

ተነሳሁ። «ሦስተኛው ወንዝ የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት» አልኩ።

ከንቲባው ፈገግ አሉ። «ትሕትናቸውን ታያላችሁ» አሉ። አዳራሹ እንደገና አጨበጨበ!

«ትሕትና አይደለም፣ ውሸት ነው» አልኩ። መሐንዲሱ ብድግ አለ። «ይቅርታ፣ የወንዙ መኖር በጥናት የተረጋገጠ ነው» አለና ስልሳ አራቱን ገጽ አነሳ። «ጥናቱም ተመሳክሮ ታትሞበታል።»

«ማነው ያተመበት?» አለ ሱሪ ሰፊው። መሐንዲሱ ገለጠው። አየው። እኔን አየኝ። «እሳቸው» አለ።

እንግዲህ የእኔ አፍ ከእኔ ማኅተም ጋር ሊሟገት ነው፤ ማኅተሙ እየረታኝ ነበር። አንድ የምክር ቤት አባል ማኅተም ያለበት ሰነድ በቃል አይሻርም ብለው ጠረጴዛ መቱ። ያን ጊዜ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋን «እባክዎ ያንብቡልኝ» አልኳቸውና የሠዓሊውን ደብዳቤ ሰጠኋቸው። ረጋ ብለው አነበቡ። የጠረጴዛው እግር ጋ ሲደርሱ ሱሪ ሰፊው በሳቅ ፈረሰ፤ ልብስ ሰፊዎቹ ሁሉ ተከተሉት። ከንቲባው አልሳቁም። እኔን ያዩበትን አስተያየት እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ አንድ አዛውንት የምክር ቤት አባል እጃቸውን አወጡ። «ታዲያ መፈክሩ ምን ተባለ?» ለካ አልተባለም። አንዱ «ሥራና አንድነት» አለ፤ ሌላው አንድነት ይቅደም አለ፤ ሦስተኛው ውበት ተረሳ ብሎ ተቆጣ። አንድ ሰዓት ተከራከሩና ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። ቁፋሮው ለጊዜው ቆሟል።

እትዬን ስፈልግ ወንበሯ ባዶ ነበር።

ዓርብ 29

ወደ ገቢና ወጪ ደብዳቤ ክፍል ተዛውሬአለሁ። ሥራዬ ፖስታ ላይ ቁጥር መጻፍ ነው። ቁጥሩ ከፊተኛው በአንድ ይበልጣል፤ ምንም ማሰብ አይጠይቅም።

ከንቲባው ለበዓሉ በዓርማው ልክ ያሠሩት የሲሚንቶ ንስር ዛሬ በጭነት መኪና ደረሰ። ክንፉ ሁለት ሜትር ነው። ርግብ ይሆን ዘንድ ምንቃሩ ይሞረድ ወይስ አይሞረድ የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቁሟል።

ሰኞ 2

እትዬ ስልክ አታነሳም። ባለቤቴን ግን ታናግራታለች። «ስለ እኔ ምን አለች?» አልኳት። «ስለ አንተ አላነሳችም» አለችኝ። «እንዴት ስለ እኔ ሳታነሳ ሃያ ደቂቃ ታወራለች?» «ሌላም ሕይወት አላት እኮ» አለች።

ሐሙስ 5

በሱቁ አጠገብ አለፍኩ። ክሩ ግድግዳው ላይ ተመልሷል። በመስታወቱ ሥር ብሮሸሩ የለም፤ የነበረበት ቦታ ባዶውን ቀርቷል። ሱሪ ሰፊው ከእሷ ጋር ቆሞ ያወራል፤ ይቅርታ ጠይቃዋለች ማለት ነው። እኔን ሲያይ «ዋና ታውቃለህ?» አለኝ። እትዬ አልሳቀችም፣ ቀናም አላለችም።

ቅዳሜ 7

ጠዋት ለባለቤቴ ደወለችና «ይምጣ» አለቻት። ያቺኑ ብቻ። ጺሜን ስላጭ ሁለት ቦታ ቆረጥኩት።

ስገባ ሰላም አላለችኝም። የማዘጋጃ ቤቱን ፖስታ አቀበለችኝ። ቁጥሩን የጻፍኩበት እኔ ነኝ፤ ውስጡን ግን አላየሁትም። ፖስታው ተከፍቷል፣ ወረቀቱም ብዙ ጊዜ የታጠፈና የተዘረጋ ነው። መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ነበር። ለምን እኔ እንዳነብላት እንደፈለገች እንጃ።

«አንብብልኝ» አለች።

«ጉዳዩ፦ የሱቅ መነሳትን ስለማንሳት» ብዬ ጀመርኩ። እንዴት ያለ አርእስት ነው! ላስተካክለው ምላሴን በላኝ፤ እንዳለ አነበብኩት። «ለወንዝ ልማት ሥራ ይነሳል ተብሎ የነበረው ሱቅዎ ባለበት እንዲቀጥል የተወሰነ መሆኑን እናሳውቃለን። ከሰላምታ ጋር።»

ከዚያ በታች ባዶ ነው። ግማሽ ገጽ ሙሉ ባዶ። እዚያ ላይ «ለደረሰብዎ መጉላላት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ሊገባ ይችላል! አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ድምፄን እንኳ አስተካክዬ ነበር። እሷ ዓይኗን ከአፌ ላይ አልነቀለችም።

«አለቀ» አልኩ።

«ይቅርታ የሚል የለበትም?»

«የለበትም።»

«ምንም?»

«ምንም የለበትም፣ እትዬ። ማዘጋጃ ቤቱ አላለም።» ወረቀቱን መልሼ ዘረጋሁላት። «የምለው እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ወረቀቱን ተቀበለችኝና አጠፈችው። መነጽሯን አወለቀች፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው። ከዚያ በደንበኛው ወንበር ላይ የተከመረውን ጨርቅ በሁለት እጇ አንስታ ማሽኑ ላይ አኖረችና «ተቀመጥ» አለችኝ።